ደረጃውን ማን አመጣው?

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፋችን የቀሰቀሰን የማርቴሎ ድምፅ ነው። ወጣ ብለን ስናይ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ ሦስተኛው ሰውዬ (የቀን ሠራተኛ ነው፤ እሱ ላይ ቂም የለንም) ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በገዛ እጃችን ያቦካነውን ሲሚንቶ ይፈረካክሳል። «እማማ» እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን በራቸው ላይ በዊልቸራቸው ተቀምጠው ያያሉ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ሲያልቅ ብቻ፣ «ልጆቼ፣ ለሰውዬው ውሃ ስጡት፤ ደክሞታል» አሉ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በንዴት ነው፤ ውድ አንባቢ ከአሁኑ ይወቅልን። ጋዜጠኝነት ስንማር «ስትናደዱ አትጻፉ» ተብለን ነበር። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ንዴቱ አልወጣልንም።

የፈረሰችው ነገር ምን ነበረች? መወጣጫ ናት። ከእማማ የውጭ በር ተነስታ ወደ እግረኛው መንገድ የምትወርድ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ የጠጣች፣ ላይዋ እንዳያንሸራትት በመጥረጊያ የተጫረች አንዲት ተዳፋት። እማማ ስትሮክ ከመታቸው ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በራቸው ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ሐኪም ቤት የሚሄዱ ቀን የሰፈሩ ወንዶች ልጆች አራት ሆነው ወንበሩን ከነእሳቸው ያወርዷቸዋል፤ ሲመለሱ ያወጧቸዋል። አራቱ ካልተገኙ ሐኪም ቤት የለም። ቅዳሴ የለም። እድር የለም (እድራቸው ደግሞ ቀብር ለቀረ ቅጣት አለው፤ እንደ ደንቡ እስካሁን ስንት መቶ ብር እንዳለባቸው አልጠየቅንም)። አንድ ቀን ሲያወርዷቸው እንዲህ አሉ፦ «በቁሜ ለአራት መሸከም ለመድሁ።» ያን ቀን ማታ ገንዘብ አዋጣን። ሲሚንቶ ገዛን።

በማስጠንቀቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጥፋት «የሕዝብ መንገድ ወረራ» ይላል። ወረራ! እኛ ይህን ቃል ትምህርት ቤት የተማርነው ከማይጨው ጋር ነው። አሁን ደግሞ አንዲት በዊልቸር የምትሄድ የሰባ አንድ ዓመት እናት ወራሪ ሆና ተገኘች።

ከእማማ በር እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ያለውን የእግረኛ መንገድ በዚያው ሳምንት ሄደንበት ቆጠርን። ሁለት ጎማቸውን እግረኛው መንገድ ላይ የሰቀሉ ስድስት መኪናዎች። ቤት የሚያሠራ ሰው የደፋው የአሸዋ ክምር፣ ሣር በቅሎበታል። መሐል ላይ የቆመ የመብራት ምሰሶ። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ሰው እንዳይገባበት የዛፍ ቅርንጫፍ ተሰክቶበታል። የሱቅ የለስላሳ ሳጥኖች። በእነዚህ ላይ ማርቴሎ ያነሳ የለም።

ግን ቆይ። «እነሱም እኮ!» የሚለው ክርክር የሰነፍ ክርክር ነው፤ እኛም እናውቃለን። ሌላው አጥፍቶ ስላልተቀጣ የእኛ ጥፋት ጥፋት አይደለም ማለት አይቻልም። ስለዚህ መኪናዎቹን ለጊዜው እንተዋቸውና ዋናውን ነገር እንጠይቅ። ያ ደረጃ ከየት መጣ?

እማማ እዚያ ቤት የገቡት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ፣ ይላሉ፣ በራቸው ከመሬት እኩል ነበር። ዶሮ ዝም ብላ ትገባና ትወጣ ነበር። ሰፈራችን ዳገት ላይ ስለሆነ መንገዱ ሲስተካከል በአንዱ ጎን መሬቱ ተቆረጠ፣ በሌላው ጎን ተሞላ። በተቆረጠው በኩል ያሉ ቤቶች ሰማይ ላይ ተሰቀሉ። በተሞላው በኩል ያሉት ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ቀሩ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በራቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረድራሉ። ከዚያ ኮብልስቶን መጣ (ነዋሪው አዋጥቶ!)፣ ከዚያ አስፋልት፣ ከዚያ የእግረኛ መንገድ። እያንዳንዱ ሥራ ከፍታውን ትንሽ ቀየረው። ዛሬ ከእማማ በር ደፍ እስከ እግረኛው መንገድ በሜትር ስንለካው አርባ አምስት ሴንቲሜትር ሆነ።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ከየትኛውም ዳገታማ ሰፈር ሊያመጣው ይችላል። ቤቱ የትም አልሄደም። የተንቀሳቀሰው መንገዱ ነው። ቤቱ መንገዱን አልወረረም ማለት ነው፤ መንገዱ ነው ከቤቱ የሸሸው። ሲሸሽ ደግሞ ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው ብሎ አልጠየቀም። ወጣት ሆነህ ክፍተቱን በዝላይ ትሻገረዋለህ፣ ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ግድግዳ ይዘሽ፣ ሰባ ዓመት ሲሞላህ በአራት ሰው። መንገድ ሠሪው ለአስፋልቱ፣ ለቦዩ፣ ለጠርዝ ድንጋዩ በጀት ነበረው። ለአርባ አምስት ሴንቲሜትሯ አልነበረውም። እዳው ለእማማ ቀረ፣ እማማ ለእኛ አስተላለፉ፣ እኛ በሲሚንቶ ከፈልን፣ በመጨረሻ ተቀጣን።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከእማማ ሦስት በር ዝቅ ብሎ፣ መኪና የሚያስገባ ሰፊ የብረት በር አለ። እዚያ ጋ የእግረኛው መንገድ ራሱ ጎንበስ ብሏል። የጠርዝ ድንጋዩ ዝቅ ተደርጎ፣ ንጣፉ ተዳፍቶ፣ መኪናዋ ሳትነቀነቅ እንድትገባ ተመቻችቷል። ይህን ያደረገው የቤቱ ባለቤት አይደለም፤ መንገዱ ሲሠራ አብሮ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ እግረኛው በዝናብ ቀን ይንሸራተታል። ወረራ ያለው የለም። ለመኪና ያጎነበሰው መንገድ ለዊልቸር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሁለቱንም ወገን ጠይቁ» የሚለውን ትምህርት ግን አልረሳንም። ወረዳ ሄድን። ያነጋገሩን ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ሰጡን፣ አዳመጡን፣ ስለ እማማ ጤናም ጠየቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እህቴ፣ እኔም እናት አለችኝ። ግን ዛሬ ለእሳቸው ብፈቅድ ነገ ሁሉም ሰው በሩ ላይ ሲሚንቶ ያፈሳል። አንዱ ለእናቴ ይላል፣ ሌላው ለመኪናዬ፣ ሌላው በረንዳ ያወጣና ሱቅ ያደርገዋል። መንገድ የሁሉም ነው።»

ልክ ናቸው። ይህን ስንጽፍ ጥርሳችንን ነክሰን ነው፣ ግን ልክ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መንገድን ከሕዝብ ንብረት የመደበው ያለ ነገር አይደለም። በዚህ ከተማ ውስጥ በረንዳ እየተሳበ፣ አጥር እየተገፋ፣ ደረጃ እየወጣ ስንት እግረኛ አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር እንዲጋፋ ተደርጓል! ደንብ አስከባሪ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ እግረኛ መንገድ የሚባለው ነገር በየግቢው ተከፋፍሎ ባለቀ ነበር።

ከወረዳው ስንወጣ ግን የባሰ ነገር ጠበቀን። ዩኒቨርሲቲ አብራን የተማረች ዓይነ ስውር ጓደኛ አለችን። ስለ መወጣጫዋ ስንነግራት እንደምታብድልን እርግጠኞች ነበርን። እሷ እቴ! ሱሪዋን ሰብሰብ አድርጋ ቅልጥሟን አሳየችን። ጠባሳ።

«ይቺ የማን እንደሆነች አላውቅም ነበር» አለችን። «ለካ የእናንተ ናት!»

መወጣጫችን ከመፍረሷ በፊት በነበሩት አሥራ አንድ ቀናት በሰፈራችን አልፋ ነበር። ነጭ በትሯን ግድግዳ እየነካች ትሄዳለች፤ ግድግዳው መሪዋ ነው። ድንገት መሐል መንገድ ላይ የሲሚንቶ ጉብታ። ጎኑ ላይ ጠርዝ ስላላበጀንለት በትሯ በላዩ አለፈ፣ እግሯ ግን ተከተለው። «መንገድ ላይ የማላውቀው አዲስ ነገር ሁሉ ለእኔ ጉድጓድ ነው» አለች። «እናንተ ለአንዷ ደረጃ አንስታችሁ ለሌላዋ ተከላችሁ። ደግ ሰው ሜትር አይዝም እንዴ?»

በጣም አፈርን። ተመልሰን የተረፈውን የሲሚንቶ ቅርጽ መሬት ላይ ለካን። የእግረኛው መንገድ ስፋት ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። መወጣጫችን ከበሩ ቀጥ ብላ ሁለት ሜትር ወጥታ ነበር። ለሌላው እግረኛ የተረፈው አርባ ሴንቲሜትር! በዚያ ላይ ዊልቸር ይቅርና ዘንቢል የያዘች ሴት አታልፍም። ሌላ ዊልቸር ተጠቃሚ ቢመጣ በእማማ መወጣጫ ምክንያት አስፋልት መውረድ ነበረበት። የደንቡ ሰዎች ያሉት ደረሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ውርደት ደግሞ ሒሳቡ ነው። ለዊልቸር የሚሠራ መወጣጫ በብዙ አገሮች የግንባታ መመሪያ፣ የአሜሪካውን ጨምሮ፣ አንድ ለአሥራ ሁለት የሚባል መለኪያ አለው። አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ለማለት አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር መጓዝ አለብህ። አርባ አምስት ሲባዛ በአሥራ ሁለት አምስት ሜትር ከአርባ ይሆናል። የእኛዋ ሁለት ሜትር ነበረች። መወጣጫ ሳትሆን ሸርተቴ ሠርተን ኖሯል! እማማን በሁለት ሰው ስናወርድ «ልጆቼ ቀስ» ሲሉን የነበረው ለካ በምክንያት ነው። ውሃ ልክ ይዞ የመጣው ግንበኛ ጓደኛችን እንኳ ይህን አልነገረንም፤ እሱ የተማረው ቤት ማቆም እንጂ ወንበር ማንከባለል አይደለም።

ታዲያ ንዴታችን ለምን አልበረደም? ያቺ የፈረሰችው መወጣጫ መፍረስ ነበረባት። ብለናል። ሰውን ግን አፍርሶ መሄድ አይቻልም። ማርቴሎው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በሩ ላይ የቀረው ያው አርባ አምስት ሴንቲሜትር ነው፤ ከማስጠንቀቂያ ወረቀቱ በታች «ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፣ ማመልከቻውን እዚህ አስገቡ» የሚል አንድ መስመር አልነበረም። ኃላፊውን ጠየቅናቸው፦ «እሺ፣ በሥርዓቱ መሥራት ብንፈልግ ቅጹ የቱ ነው?» ትንሽ አሰቡ። «እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መጥቶልን አያውቅም» አሉ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ለመጋረጃ ሱቅ ፈቃድ አለ። ለድንኳን ፈቃድ አለ፤ ለቅሶ ሲሆን መንገድ ዘግተን ሦስት ቀን ስንቀመጥ ማንም አይቆጣንም (አይቆጣንም ደግሞ፣ ጥሩ ባህል ነው)። ሰው ሞቶ መንገድ ለመያዝ ሥርዓት አለው። በሕይወት ሆኖ ከቤቱ ለመውጣት ግን የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ተስማሚ መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። ደስ ይላል። ግን «የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ» ነው ያለው። ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት። እማማ ባንክ ለመግባት መብት አላቸው፤ ባንኩ በር ድረስ ለመድረስ መጀመሪያ ከቤታቸው መውጣት እንዳለባቸው አንቀጹ አላሰበም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን ከዚህ ይሰፋል። አንቀጽ 9 ሲዘረዝር ሕንፃ ብቻ ሳይሆን መንገድንና መኖሪያ ቤትንም ይጠራል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ወረዳው የያዘው ሕግ አንድ ብቻ አይደለም። በአንድ እጁ የመንገድ ደንብ አለ፣ በሌላው እጁ ይህ ስምምነት። እስካሁን ያየነው ማርቴሎ የያዘውን እጅ ብቻ ነው።

«አንድ ሰው ናቸው እኮ» ይሉናል። አንድ ናቸው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአካል ጉዳተኞች ቁጥር ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ የሰጠው ግምት 17.6 በመቶ ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት ሚሊዮኖች ናቸው። የት ሄዱ? እኛ አንድ ግምት አለን፦ ከደረጃው ጀርባ ናቸው። መንገድ ላይ ስለማናያቸው የሉም ብለናል፤ የሉም ስላልን መንገድ አልሠራንላቸውም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት ብለን ትንሽ አነበብን። ጃፓን የእኛኑ ዓይነት ጭቅጭቅ አለባት። ነዋሪው ከግቢው ወደ መንገዱ ሲወጣ የጠርዝ ድንጋዩ ስለሚያስቸግረው የፕላስቲክ ወይም የብረት መወጣጫ ገዝቶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ያኖራል። ሕጉ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው ይላል፤ ሞተርና ብስክሌት ስለሚጥል፣ የጎርፍ ውሃም ስለሚዘጋ። ግን ከክልከላው ጎን በር አለ። ነዋሪው ለመንገዱ አስተዳዳሪ አመልክቶ የጠርዝ ድንጋዩን ራሱን ዝቅ ማስደረግ ይችላል። ወጪው በአመልካቹ ነው፤ ይህንን አንወድላቸውም። ማመልከቻ የሚገባበት መስኮት መኖሩን ግን ቀንተናል።

ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ ሉክ አንደርሰን የሚባል ራሱ በዊልቸር የሚሄድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ስቶፕጋፕ የሚባል ነገር ጀመረ። በራቸው ላይ አንድ ደረጃ ላላቸው ሱቆች ከጣውላ የተሠራ፣ ደማቅ ቀለም የተቀባ፣ የሚነሳ መወጣጫ ይሰጣሉ። ሱቁ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። ቀለሙ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዲያየውና «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። በአንድ ደረጃ ይሠራል። የእማማ ሦስት ስለሆነ በጣውላ ብቻ አይገላገልም።

እኛም ዓይነ ስውሯን ጓደኛችንን ይዘን (ሜትሩን የያዘችው እሷ ናት፣ ከዚህ በኋላ አናምናችሁም ብላ) አዲስ ንድፍ አወጣን። መወጣጫው ከበሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ አጥሩን ተለጥፎ ጎን ለጎን ይሄዳል። ስፋቱ አንድ ሜትር። ከአርባ አምስቱ ሃያው ሴንቲሜትር ግቢው ውስጥ ይበላል፤ ይህ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። ቀሪው ሃያ አምስት ውጭ ይሆናል፤ ሦስት ሜትር። በሩ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ፊት ለፊቱ ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ለጥ ያለ መዞሪያ ይኖረዋል። በጎኑ በኩል በትር የሚነካው ጠርዝና የእጅ መደገፊያ ብረት። ለእግረኛው አንድ ሜትር ከአርባ ይተርፋል። ሁለት ዊልቸሮች እዚያች ጋ ጎን ለጎን አይተላለፉም፤ አንዱ ለአራት ሜትር ተኩል ያህል ሌላውን ይጠብቃል። እንደ ታክሲ ሰልፍ ከሆነ ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። ግቢው ውስጥ ለመቆፈርና በሩን ለማስገባት የእማማ ፈቃድ አይበቃም፤ ቤቱ የእሳቸው አይደለም። የቀበሌ ቤት ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ተከራዮች ናቸው፤ ተከራይ ደግሞ ቤት አይነካም። ስለዚህ የመወጣጫዋ ግማሽ የቤቶች ጉዳይ ነው፣ ግማሹ የመንገድ ጉዳይ። ቤቶች «መጀመሪያ መንገዶች ይፍቀዱ» አሉን። መንገዶች «ግቢ ውስጥ የሚሠራውን መጀመሪያ ቤቶች ያጽድቁ» አሉን። ልብ በሉ፣ የበሩ ባለቤት መንግሥት ነው፤ የመንገዱም ባለቤት መንግሥት ነው። በመንግሥት በርና በመንግሥት መንገድ መሐል ታግተው የተቀመጡት እማማ ናቸው።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ አትሳቁብን። የእናንተ አራተኛ ፎቅ ሊፍት የለውም፤ እናንተም ታረጃላችሁ።

አሁን ከተማው በሰፊው እየፈረሰና እየተሠራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አይተናል፤ ለዓይነ ስውራን የሚሆነው ጎርበጥ ያለ ንጣፍም ገብቶባቸዋል። ጓደኛችን በእነሱ ላይ ስትሄድ ፍጥነቷ ሌላ ነው። ይህን አይተን አላየንም አንልም። ጥያቄያችን እዚያ መንገድ ላይ ስለሚደርሰው ሰው ሳይሆን መድረስ ስላልቻለው ነው። ገና የሚሠሩ መንገዶች ብዙ ናቸው። መሐንዲሱ ከፍታውን ሲወስን የእያንዳንዱን በር ደፍ ይለካ። መኪና ላለው በር የጠርዝ ድንጋዩን ዝቅ እንደሚያደርግ ሁሉ ዊልቸር ላለውም ያድርግ፣ በዚያው በጀት። መንገዱ ከቤት የሚርቅ ከሆነ ክፍተቱን የሚዘጋው ያራቀው አካል ይሁን። ለተሠሩት መንገዶች ደግሞ አንዲት ገጽ ቅጽ እንፈልጋለን፦ የበሩ ከፍታ፣ የእግረኛው መንገድ ስፋት፣ ለእግረኛ የሚተርፈው ቦታ። መጥቶ የሚለካ አንድ ባለሙያ፣ በቀን የተወሰነ መልስ። ለመኪና መግቢያና ለበረንዳ የሚያጭበረብር ይመጣል? ይመጣል። ባለሙያው ሜትር ይዞ ስለሚመጣ ያየዋል። ሲሚንቶው ላይ ሰው ከሌለበት ማርቴሎውን እኛው እናቀብላቸዋለን።

ለጊዜው የሠፈሩ በያጅ ከላሜራ ሁለት ሐዲድ ሠርቶልናል። እማማ ሲወጡ ዘርግተን፣ ሲገቡ አንስተን ግቢ እናስገባለን። አሁንም ይቆማል እንጂ በአራት ሰው የነበረው በሁለት ሆኗል። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ደርሰው መጡ። ሐዲዱን ለሰባት ደቂቃ መንገድ ላይ እንዳየ አንድ ደንብ አስከባሪ ቆም አለ። ተፋጠጥን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን የፊት ጎማ ቀና አደረገልን፣ «በሉ ቶሎ አንሱት፣ እኔ አላየሁም» ብሎ ሄደ።

ባይን ሳይሆን በወረቀት ቢያይልን እንመርጣለን። ንድፉን በሦስት ኮፒ አስነስተናል፤ አንዱ ለቤቶች፣ አንዱ ለመንገዶች፣ አንዱ ለወረዳው። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሦስቱንም በአንድ ክፍል ለማስቀመጥ ቀጠሮ ይዘናል። እማማም እመጣለሁ ብለዋል። የወረዳው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።